ከፀሐይ የተደበቁ ሕፃናት

በሆሳዕና መናኸሪያ ተሳፍራችሁ መኪናው እስኪሞላ የምትጠብቁ፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ሱቃችሁን ከፍታችሁ የምታዳምጡን፣ ጓሮ እንሰት እየፋቃችሁ ሬዲዮናችሁን ከጎናችሁ ያስቀመጣችሁ እናቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ጨቅላ ልጅ ያላችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶች በተለይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሆሳዕና ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይበረታል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ፀሐይ አነሰን ብሎ የሚያማርር ሰው አይገኝም። ነገር ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር አካባቢ ቆም ብላችሁ ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ተመልከቱ። ሕፃኑ በፎጣ ተጠቅልሏል፤ በፎጣው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቧል፤ ከዚያ በላይ የእናትየው ነጠላ ወይም ጋቢ ተጥሎበታል። እጁ አይታይም፣ እግሩ አይታይም፣ ብዙ ጊዜ ፊቱም አይታይም። ፀሐይዋ ከተማውን ሞልታዋለች፤ ልጁ ጋ ግን አልደረሰችም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ቫይታሚን ዲ ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የሚለይበት ጠባይ ስላለው ነው። አብዛኛውን የምናገኘው ከማዕድ ሳይሆን ከገዛ ቆዳችን ነው። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ ቆዳው ውስጥ ያለ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ከዚያ ጉበት፣ ቀጥሎም ኩላሊት፣ ለሥራ የሚበቃ አድርገው ያዘጋጁታል። ዋና ሥራው ከምግብ የምናገኘው ካልሲየምና ፎስፈረስ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ማድረግ ነው። ቫይታሚን ዲ የጎደለው ልጅ ወተት ቢጠጣ እንኳ ከወተቱ ካልሲየም ብዙው ሳይጠቅመው ይወጣል። ልጁ ያድጋል፣ ይረዝማል፣ አጥንቱ ግን አይጠነክርም።

በሕፃናት ላይ የሚታየው የዚህ ችግር ውጤት ሪኬትስ ይባላል። እናቶች ምልክቱን በሌላ መንገድ ታውቁት ይሆናል። እርግብግቢቱ በጊዜው አልገጥም ይላል። ጥርስ ይዘገያል። ሲተኛ ራሱን ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። የእጁ አንጓ ወፍሮ ይታያል። ደረቱ ላይ፣ የጎድን አጥንቶቹ ከፊት በሚገናኙበት መስመር፣ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች በጣት ሲዳሰሱ ይገኛሉ። መቀመጥና መቆም የሚገባው ጊዜ ያልፋል፤ ሲቆም ደግሞ ሰውነቱን መሸከም ያቃታቸው እግሮቹ ይጎብጣሉ። አንዳንዱ ልጅ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጣም ወርዶ ትኩሳት ሳይኖረው ያንቀጠቅጠዋል። «ልጁ ሰነፍ ነው፣ ቆይቶ ይሄዳል» እየተባለ ወራት ሲያልፉ ያሳዝነኛል። ልጅ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ካልሄደ፣ ስንፍና አይባልም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ብዙ ሰው ግን ሪኬትስን የእግር ችግር ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። እዚህ ላይ የሀገራችንን ሐኪሞች ሥራ ልጥቀስ። አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አጠኑ። በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ወሰዱ፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው ሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 500 ውስጥ 210 ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልታመሙት 500 ውስጥ ግን 20 ብቻ። የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን መጨናነቅ፣ የጡት ማጥባቱን ሁኔታ ሁሉ በስሌት ለይተው ካወጡ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ከአስር የሳንባ ምች ሕመምተኛ ሕፃናት አራቱ አጥንታቸው የላላ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ትንፋሽ ስንስብ ጎድናችን ይነሣል፣ ይሰፋል። ጎድኑ የላላ ሕፃን አየር ለመሳብ ሲታገል ደረቱ መስፋት ሲገባው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለመሳል የሚያስፈልገው ጡንቻም ይደክማል፤ አክታው ሳይወጣ እዚያው ይቀራል። ከዚህም ሌላ ቫይታሚን ዲ ሰውነት ተሕዋስያንን በሚከላከልበት ሥራ ውስጥ ድርሻ አለው። ስለዚህ በየክረምቱ በሳል የሚመላለስ፣ መድኃኒት ወስዶ ተሽሎት እንደገና የሚያገረሽበት ልጅ ካላችሁ፣ ሐኪሙን «አጥንቱንም ይዩልኝ» በሉት። ሳንባ ምች ዛሬም በሀገራችን ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። ጠዋት ጠዋት በነፃ የምናገኘው ነገር ከዚህ ሞት የተወሰነውን ሊያስቀር እየቻለ በብርድ ልብስ መከልከላችን እኔን በግሌ እረፍት ይነሳኛል።

የጎደለባቸው ሕፃናት ብቻ አይደሉም። ቱሪዝማችንን የመሠረቱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም አስተዋውቀዋታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ስም በርዕሱ ይዞ በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 18 የሆኑ 174 ተማሪዎችን ደም መረመረ። በአጠቃላይ 42 ከመቶው ቫይታሚን ዲ ጎድሏቸው ተገኙ። ከተሜዎቹ ብቻቸውን ሲታዩ 62 ከመቶ ያህል፣ የገጠሮቹ ደግሞ 21 ከመቶ ያህል ነበሩ። በቤታቸው ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር ያላቸው፣ የኑሮ ደረጃቸው ከፍ ያለ ቤተሰቦች ልጆች ይበልጥ ተጎድተዋል። ልጁ ከብት ሲያግድ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ያገኘው የነበረውን ፀሐይ ቤት ሲዘጋበት አጥቶታል። በሆሳዕና ዋና መንገድ ዳርና ዳር ፎቅ እየበዛ ነው፤ ከጀርባው ፀሐይ የማይገባበት የኪራይ ክፍል አለ፤ በመናኸሪያው ዙሪያ ባሉት ሱቆች ከጠረጴዛው ኋላ ካርቶን ላይ ተኝቶ የሚውል ሕፃን አለ። እናቱ ሱቋን ጥላ መሄድ ስለማትችል እሱም ከእሷ ጋር ጥላ ውስጥ ይውላል። የአዳማው ነገር እዚህ የለም ለማለት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ገጠሩ ግን ድኗል ብለን እንዳንዘናጋ፣ ወደ እኛ የቀረበ ሌላ ጥናት አለ። እንደ እኛው እንሰት አብቃይ በሆነው ሲዳማ፣ በገጠር በሚኖሩ ሴቶች ላይ የተሠራ ሲሆን በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአምስት ሴቶች የአራቱ ያህል የቫይታሚን ዲ መጠን ከሚፈለገው በታች ነበር። የገጠር ሴት ውላ የምትገባበትን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ብዙም አይደንቀውም። ቆጮ የሚፋቀው በእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሎች ጥላ ሥር ነው። ወጥ የሚሠራው ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ነው። ልብሷ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ራሷም የተሸፈነ ነው። በላዩ ላይ ተደጋጋሚ እርግዝናና ማጥባት አለ። የጠቆረ ቆዳችንም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከጠንካራ ፀሐይ የሚጠብቀን ጥቁር ቀለም ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ የፀሐይ ጊዜ ይጠይቃል።

የእናትየው ጉድለት ወደ ልጁ ይተላለፋል። ሕፃን የመጀመሪያውን የቫይታሚን ዲ ስንቅ የሚይዘው ከማኅፀን ነው፤ እናቱ ከሌላት እሱም ባዶውን ይወለዳል። የእናት ጡት ወተት እስከ ስድስት ወር የሚተካው የለም፣ በቫይታሚን ዲ በኩል ግን በጣም ጥቂት ነው የያዘው። ይህን የምለው ጡት ማጥባትን ለማሳነስ አይደለም፤ ጡቱም ፀሐዩም ያስፈልጋሉ ለማለት ነው። ሌላም አለ። በልጅነቷ ሪኬትስ ያገኛት ሴት ልጅ ዳሌዋ ሊጠብብ ይችላል። ምልክቱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ምጥ ሲይዛትና ልጁ አልወጣ ሲል ይገለጣል። ያደገች ሴትም በእጥረቱ የወገብና የዳሌ ሕመም፣ ከተቀመጠችበት ለመነሣት ማቃት፣ የጭን ድካም ይሰማታል፤ ብዙ ጊዜ «ሪህ ነው፣ ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕፃናት ለምን ይሸፈናሉ? ያለ ምክንያት አይደለም፤ እናቶችን መውቀስም አልፈልግም። ሆሳዕና ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፣ ብርድ ሳንባውን ይመታዋል ተብሎ ይፈራል። የሰው ዓይን ይፈራል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ምች ይመታዋል ተብሎም ይፈራል። አራሷ ቤት ውስጥ ትቆያለች፤ ክርስትናው ወይም ስም ማውጣቱ እስኪደርስ ልጁም ደጅ አይወጣም። እነዚህ ፍርሃቶች ልጅን ከመውደድ የመጡ ናቸው። ሆኖም ከፍርሃቱ ጋር ሳንጣላ ልጁን ፀሐይ ማሞቅ እንችላለን። የሰው ዓይን ለምትፈራ እናት አጥር ያለው ጓሮ አለላት፤ ከእንሰቱ ጥላ ወጣ ብላ፣ ነፋስ በማይነካው ግድግዳ ሥር ትቀመጥ። በሃይማኖቷም ሆነ በልማዷ ምክንያት ሰውነቷን ሸፍና የምትውል እህታችንም ቢሆን በራሷ ግቢ ውስጥ፣ ከእህቶቿ ጋር፣ እጇንና እግሯን ገልጣ ፀሐይ ብትቀመጥ የሚከለክላት የለም።

አሁን አሞቃቁን እንነጋገር። ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ያለፈው ጤነኛ ሕፃን በየቀኑ ፀሐይ ቢሞቅ ጥሩ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ብዙዎቻችን ገና እንደወጣች ያለችውን ለስላሳ ፀሐይ እንመርጣለን። ሙቀቷ ደስ ይላል፣ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር በአየሩ ውስጥ ተጣርቶ ይቀራል። ጥላችሁን ተመልከቱ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ በጣም ከረዘመ ጨረሩ ደካማ ነው፤ እያጠረ ወደ ቁመታችሁ ሲጠጋ ጨረሩ እየጠነከረ ነው። በእኛ አካባቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ጨረሩም የሚገኝበት፣ የቀትሩ ቃጠሎም ያልደረሰበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአምስት ደቂቃ ጀምሩ፣ ቀስ በቀስ ወደ 15፣ ከዚያም ወደ 30 ደቂቃ አሳድጉት። ልብሱን አውልቁለት፤ ሽንት ጨርቁ ብቻ ይቅር። ጀርባውንም ሆዱንም አገላብጡት። ዓይኑን በእጃችሁ ወይም በባርኔጣ ከልሉለት። ቅባቱን ወይም ቫዝሊኑን ከፀሐዩ በኋላ ቀቡት። ቆዳው ቀላ ካለ ወይም ልጁ ከተቆጣ ወዲያውኑ አስገቡት።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ልጁን በመስኮት መስታወት ውስጥ በምትገባው ፀሐይ ማሞቅ አይጠቅመውም። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፣ አልትራቫዮሌት ቢን ግን ያስቀረዋል። ሚኒባስ ውስጥ በመስታወቱ በኩል የሚሞቅ ልጅም እንዲሁ። የተሳፈራችሁበት መኪና እስኪሞላ አንድ ሰዓት የምትጠብቁ ከሆነ፣ አውርዳችሁ ክንዱንና እግሩን ግለጡለት። ረዳቶችም እባካችሁ፣ ሕፃን ይዛ ደጅ የቆመችውን እናት መቀመጫዋን ጠብቁላት።

ይህን ምክር መከተል የሌለባቸው ሰዎች አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ቆዳቸው ለፀሐይ ጉዳት ስለሚጋለጥ ፀሐይ እንዲሞቁ አይመከርም፤ እነሱ ቫይታሚን ዲን በሐኪም ትእዛዝ በመድኃኒት መልክ ይወስዳሉ። በአንዳንድ መድኃኒትና በሽታ ምክንያት ፀሐይ የተከለከለ ሰውም እንዲሁ።

ክረምትስ? ሰኔ ገብቶ ደመናው ከከበደ፣ ለሳምንታት ፀሐይ ሳይታይ ይከርማል። ሰውነት በበጋ ያጠራቀመው ይረዳዋል፤ ነሐሴ ላይ የተወለደ ሕፃን ግን ያጠራቀመው የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የወጣው የሪኬትስ መከላከያ መመሪያ ሕፃናት ሁሉ ምንም ይመገቡ ምን እስከ አንድ ዓመታቸው በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲያገኙ ይመክራል። አቅም ያላችሁ ወላጆች ስለ ጠብታው የጤና ባለሙያ ጠይቁ። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ ቫይታሚን ነው ብሎ ያለ መለኪያ መስጠት አደገኛ ነው። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ከፀሐይ የሚገኘው እንዲህ አያደርግም፤ ቆዳ የበቃውን ሠርቶ የቀረውን ያፈርሰዋልና።

ከምግብ በኩል ቅባት ያለው ዓሣ፣ ጉበትና የእንቁላል አስኳል ቫይታሚን ዲ አላቸው። የእኛ ቆጮና ቡላ ግን የላቸውም። አታካና የተባለው ምግባችን በቅቤና በአይብ መሠራቱ መልካም ነው፤ ከቅቤ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ግን ትንሽ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ለካልሲየሙ ወተት፣ አይብ፣ ጤፍና ጎመን ይጠቅማሉ። ሀገራችን በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። ዘይት ስትገዙ በማሸጊያው ላይ ቫይታሚን ዲ መጨመሩን አንብቡ። ከጀሪካን በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠው ዘይት ምን እንዳለበት ገዢው ማወቅ አይችልም፤ የሚመለከታቸው የከተማ አስተዳደር ተቆጣጣሪዎች ይህን ቢከታተሉ ለሕፃናታችን ትልቅ ውለታ ነው።

ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሥተው በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ማዶ የተሻገሩ ልጆቻችንንም እናስታውስ። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እጥረቱ ከፍተኛ እንደሆነ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ እንደሚብስ አሳይቷል። በዓረብ ሀገር ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትሠራ እህት፣ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆም ወንድም፣ ወገቤን፣ አጥንቴን ብሎ ሲደውል «ፀሐይ ታገኛለህ ወይ? ተመርምረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሪኬትስ ቀድሞ ከተደረሰበት በርካሽ መድኃኒት በጥቂት ወራት የሚድን በሽታ ነው፤ የትንሽ ልጅ የጎበጠ እግርም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እናቶች ለ45 ቀን ክትባት ሲመጡላችሁ ስለ ፀሐዩ ንገሯቸው፤ ልጁን አስፈትታችሁ አንጓውንና ደረቱን ዳስሱት። እናቶች ደግሞ ባይነግሯችሁ እናንተ ጠይቁ። ከላይ የዘረዘርናቸውን ምልክቶች ያያችሁበት ልጅ ካለ ነገ ሳትሉ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ሆሳዕና ወደሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ዱራሜ ሆስፒታል ውሰዱት።